የአቶ ድንበሩ ክርስትና ስም

አቶ ድንበሩ ቤቱን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር ሲያስገጥሙ አንዲት የምስጢር ቃል ብቻ ሰጡት፤ ክርስትና ስማቸውን። «በየበሩ ቁልፍ ከምንሸከም ይህች ትሻላለች፤ አልረሳትም» አሉ። በሩም፣ ውሃውም፣ መብራቱም ለዚያች ቃል አደሩ። በዚያ ዘመን ደንብ ታዲያ ቃሏ ከባልና ሚስቱ ሌላ ከማንም አፍ ከተሰማች ቤቱ ተዘረፍኩ ብሎ ለዘለዓለሙ ይቆለፋል። መለወጥ የሚችለውም ያስመዘገባት ሰው ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ጆሮ ደግሞ የማይደርስበት የለም፤ ቤተ ክርስቲያንም ጭምር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አቶ ድንበሩ ሞቱና ለፍትሐት ቀረቡ። ቄሱ ወደ ሚስታቸው ጠጋ አሉ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ። በጸሎቱ ልጥራቸው።»

«ድንበሩ ብለው ቢጠሯቸውስ፣ አባ?»

«እላይ ቤት ድንበሩ የሚባል ሰው አይታወቅም እኮ።»

ልጃቸው ስንዱ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ አደራሽን። እነዚህን ሕፃናት ይዤ የት እገባለሁ?»

ትርንጎ የባላቸውን ሣጥን ማየት አቃታቸው። መሬት መሬት እያዩ «ወልደ ገብርኤል» አሉ። እንዲያው አፋቸው ላይ የመጣ ስም ነው እንጂ የድንበሩ አልነበረም።

ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለወልደ ገብርኤል ነፍስ ምሕረት ለመኑ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ ትርንጎም አብረው አሜን አሉ። ስንዱ እፎይ ብላ የእናቷን እጅ ጨበጠች።

ቀብሩ እንዳበቃ ቄሱ ሊያጽናኗቸው መጡ።

«አይዞዎት። በአርባቸውም፣ በሙት ዓመታቸውም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ፤ አልረሳውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ» አሉ ትርንጎ።