ነብሮ በጎሚስታው በር

ነብሮ ከጎሚስታው ደጃፍ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጠፈ፤ ከዚያም ያ ሁሉ ግዙፍ አካሉ እንደ ረጠበ ጆንያ አስፋልቱ ላይ ዘጭ አለ። ማሰሪያውን የያዘችው ሴት ክንዷ ወደ ኋላ ሲጎተት ልትወድቅ ነበር።

«ዛሬስ ማን ነው ማንን የሚያንሸራሽረው፣ እትዬ?» አለ ጎሚስታው፣ የተነፈሰ ጎማ ላይ እንደ ተቀመጠ።

«አንተ ደግሞ ነገር አትቆስቁስ! ስሙን ነብሮ ብሎ ያወጣለት ሰው እግዜር ይይለት እንጂ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። የሰው ውሻ ታንሸራሽራለች፤ ባለቤቶቹ መንገድ ሲወጡ ደግሞ ቤታቸው ገብታ ትጠብቃለች። ከቧንቧ ካልተንጠባጠበላት በስተቀር ውኃ የማትጠጣ ድመት፣ ያለ ጫማ ሳጥን እንቅልፍ የማይወስደው ቡችላ፣ የሁሉንም ዓመል ታውቃለች። ሁሉንም ችላለች። ያልቻለችው ይህን አንዱን ነው።

ነብሮ የአንዲት የጥርስ ሐኪም ውሻ ነው። አንድ ቀን በዚህ በር ሲያልፍ የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ጆሮው ሥር ጮኸበት፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው የሚወስደውን ብቸኛ መንገድ አሻፈረኝ አለ። መሮጫ በሌለው ፎቅ ቤት ተዘግቶ ሲያላዝን ይውላል። ጎረቤት ተማረረ፤ የሐኪሟ ባልም ለሸክላ ፋብሪካ ጥበቃ ሊሰጠው ቃል ገባ። እዚያ የገባ ውሻ ዕድሜው በሰንሰለት ነው የሚያልቀው። ጠዋት ሐኪሟ ቁልፉን ስታቀብላት፣ «እትዬ፣ ዛሬ ሜዳው ካደረሱልኝ ባሌን ለኔ ይተዉት። ካልሆነ ግን ነብሮን ማታ የፋብሪካው ሰዎች መጥተው ይወስዱታል» ብላ ፊቷን አዞረች።

«እኔስ ዛሬ ያልፋል ብዬ ነበር» አለ ጎሚስታው። ፌዙ ከድምፁ ጠፍቷል። «መብራት ከሄደ ቆየ፤ ኮምፕሬሰሩ ጭጭ ብሏል። ምን ሰምቶ ነው የፈራው?»

እትዬ ዘወር ብላ ኮምፕሬሰሩን አየች።

እውነቱን ነው። መንገዱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የተሰማ ነገር ቢኖር የራሷ ድምፅ ነው። እዚህ ሲደርሱ፣ እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብላ፣ ማሰሪያውን ሰብሰብ አድርጋ፣ በለሰለሰ አንደበት «አይዞህ ነብሮ፣ አይዞህ» ብላዋለች። ትናንትም ብላዋለች፤ ከትናንት በስቲያም። ይህን ባለችው ቁጥር ደግሞ ያ የኮምፕሬሰር ጩኸት ወዲያው ተከትሎ መጥቷል። ሌላ ቦታ አይዞህ ብላው አታውቅም፤ በምን ምክንያት ትለዋለች?

«ወይ ጉዴ!» አለች። «ለካ ኮምፕሬሰሩ እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። አንተ ጎማህን ለጥፍ።»

ነብሮን አስነሥታ ወደ መንገዱ ማጠፊያ መለሰችው። ጀርባዋን አቃናች፤ ማሰሪያውን እስኪረግብ ለቀቀችው፤ ዓይኗንም ከውሻው አንሥታ ከመንገዱ ማዶ ሰደደችው። ከዚያ ጎረቤቷን አጥር ላይ እንዳገኘች ሴት ወሬዋን ጀመረች።

«ይህን ስማ። እኅቴ መጋረጃ አሰፋች፤ መስኮቱን ሳትለካ! መጋረጃው ከመስኮቱ ወርዶ፣ ወለሉን ተሻግሮ፣ ሶፋው ሥር ገባ። ኧረ አሳጥሪው ስላት ‹ይቆይ፣ ያድጋል› አትለኝም? ማን ነው የሚያድገው? መስኮቱ?»

ነብሮ ተከተላት። የኤሌክትሪክ ምሰሶውን አለፉ። የጎማውን ክምር ተጠጉ። በሩ ፊት ለፊት ሲደርሱ ከየሱቁ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ መብራቱ ተመልሶ ነበር። ኮምፕሬሰሩም እንደ ተቆጣ በሬ አገሳ።

ጎሚስታው ብድግ አለ። «ላጥፋልዎ?»

በእጇ ከለከለችው። ዛሬ ቢጠፋ ነገ መጮኹ አይቀርም።

ነብሮ አንድ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ፤ ቀና ብሎም ፊቷን አየ። ያ ቃል ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ልጆቿን ያሳደገችበት ቃል ነው፤ በሽተኛ የጠየቀችበት፣ ኀዘንተኛ ያጽናናችበት። መዋጡ አጥንት የመዋጥ ያህል ሆነባት። ዋጠችው።

«የጨርቁን ቀለም ደግሞ ብታየው!» ስትል ከሞተሩ በላይ ጮኸች። «ቡናማ! ከወለሉ አይለይም! እንግዳ ሁሉ እየረገጠው ነው የሚገባው፤ አማቷ ሳይቀሩ!»

የተነሣው እግር መሬት ነካ። ሌላው ተከተለ። ኮምፕሬሰሩ ያሻውን ያህል አገሳ፤ ነብሮ ጆሮውን ነቅነቅ አድርጎ፣ የመጋረጃውን ነገር እስከ መጨረሻው ሊሰማ የፈለገ ይመስል፣ ከጉልበቷ ሳይርቅ በሩን አለፈ።

ጎሚስታው ዘይት በነካው እጁ ራሱን ያዘ። «አለፈ! እትዬ፣ አለፈኮ!»

«ዝም በል አንተ፣ እንዳይሰማህ!»

ድምፁን ዋጥ አድርጎ ቀረ፤ እግሮቹ ግን እንቢ ብለውት በሩ ላይ ይጨፍሩ ጀመር። አንድ ደንበኛው ነገሩ ባይገባውም አብሮት አጨበጨበ።

የሜዳው አጥር በር ላይ ስትደርስ እትዬ ሳቋ አላስቆም ብሏት እንባ በእንባ ሆነች። ማሰሪያውን ፈታችለት። ነብሮ አንድ ጊዜ አየሩን አሸተተና እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ሜዳውን ሰነጠቀው።

ለሐኪሟ ፎቶ ልታነሣ ስልኳን አወጣች። አንዱ ሰማይ ብቻ ሆነ። አንዱ ሣር ብቻ። የመጨረሻው ላይ፣ ጠርዙ ዘንድ፣ ከፎቶው ሊወጣ የደረሰ ጅራት አለ፤ እንደ ሰንደቅ ቀጥ ብሎ የቆመ። እሱን ላከችላት።