ጨጓራ ነው

ሰኞ ጠዋት ሸዋረጋ ከካርዱ ላይ የበሽተኛውን ስም ደግማ አነበበች። ዋኘው ተሰማ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት፣ ከኮሶዬ።

ይህን ስም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታላምጠው ኖራለች። አባቷ መሪጌታ ህሩይ የደብሩን ጥንታዊ ብራና ሰርቀዋል ተብለው ሲከሰሱ፣ «ማለዳ በብብታቸው ሸጉጠው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ መስቀል ጨብጦ የማለው ይህ ሰው ነው። መሪጌታ ወህኒ በገቡ በስምንተኛው ወር ሞቱ። ያገር ሰው ለሌባ ፍትሐት የለም ብሎ ጀርባውን ሰጠ፤ ከደብሩ አጸድ ውጭ፣ ከመንገድ ዳር ተቀበሩ። ያኔ ሸዋረጋ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

አሁን ጎንደር ከተማ በአንድ የግል ክሊኒክ ጤና መኮንን ናት። ሐኪሙ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ክሊኒኩ የእሷ ነው።

«ይግቡ፣ አያ» አለች።

ገባ። ጋቢውን አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረ። ዓይኑ ደረቷ ላይ ከተለጠፈው ስሟ ላይ ጥቂት ቆየና ወደ መሬት ወረደ። አላወቀኝም ስትል አሰበች። በምን ያውቀኛል? ያኔ ልጅ ነበርኩ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ደረቴን፣ ልጄ። ዳገት ስወጣ ቋጥኝ የተጫነኝ ያህል ነው። ፊት ፊት ቆም ስል ይተወኝ ነበር፤ ዛሬስ ተቀምጨም አልተወኝ። ወደ ግራ ክንዴ ይወርዳል፣ ወደ መንጋጋዬም ይወጣል። ላቡ ደሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ያጠምቀኛል።»

አንድም ሳያስቀር ነገራት። እንኳን እሷ ጀማሪ ተማሪም የሚያውቀው ምልክት ነው።

«ልብዎን በማሽን እናንሳዎ።»

ወደ አልጋው ወጣ። ዞር ስትል ሸሚዙን ፈትቶ፣ የሱሪውን እግር ሰብስቦ ጠበቃት። ሽቦዎቹን ከደረቱ፣ ከእጆቹና ከቁርጭምጭሚቱ አገናኘች። ማሽኑ ባለ ቀይ ካሬ ወረቀቱን እየተንቀራፈፈ አወጣ።

ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ቦታው መመለስ የነበረበት መስመር እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ልቡን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቷል፤ ጡንቻው እየሞተ ነው። የሚገባውን ታውቃለች፤ አስፕሪን ታስኝከዋለች፣ አምቡላንስ ትጠራለች፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትልከዋለች። አስፕሪኑ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ስልኩም እጇ ላይ።

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አላት ጣራውን እያየ። «አንቺ በምትዪው ነው የማድረው።»

ሸዋረጋ አባቷን አሰበች። ከእናቷ ጋር ስንቅ ይዛ ወህኒ የሄደች ዕለት፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመው «ዱላም ረኃብም አይደለም የገደለኝ፤ የሰው ቃል ነው» ብለዋት ነበር።

«ጨጓራ ነው» አለች።

«ጨጓራ?»

«ልብዎ ሸጋ ነው። በርበሬ ይቀንሱ፣ ወተት ይጠጡ። ወደ አገርዎ ይግቡ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሸሚዙን ቆለፈ።

«ሌላ የምትዪኝ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ደግ ነው» አለ። መድኃኒት ጻፊልኝ አላለም። ጎንበስ ብሎ እጇን ሊስም ሲል ሰበሰበችበት። «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ።

ሞኝ፣ አለች በልቧ። ገዳይህን መረቅህ።

እያረፈ፣ ግድግዳ እየያዘ ወደ መናኸሪያው ሲወርድ በመስኮት አየችው። አንዴ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ወረቀቱን ቦጫጭቃ ጣለችው። ያን ቀን ምሳዋን አጣጥማ በላች።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆመች።

«ሸዋረጋ ህሩይ አንቺ ነሽ? እንኳየሁ እባላለሁ፤ የዋኘው ልጅ ነኝ። አባቴ ከዚህ በተመለሰበት ዕለት ደጃችን ላይ ወደቀ። በዚያው ቀረ።»

ሸዋረጋ ይህን ቀን ስትጠብቅ ሰንብታለች፤ መልሱንም አጥንታለች። «ያየሁትን ነው የነገርኳቸው። ማሽንም ይሳሳታል። ክስ ካላችሁ...»

«ኧረ ምነው እህቴ! ለክስ አልመጣሁም።» እንኳየሁ እንባዋን ጠረገች። «አንቺ ዘንድ ሊመጣ በዋዜማው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ነበር። በመሪጌታ ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመነ። ካህናቱ አጽማቸውን ወደ አጸዱ ሊያስገቡ ቀን ቆርጠዋል። ልጅ ነሽና ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

እንኳየሁ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች።

«ሰኞ ሲነሳ ደሞ ይችን ሰጠኝ። ካልተረፍሁ ለህሩይ ልጅ ስጫት፣ እሷ ማንበብ ታውቃለች አለኝ። እኔ የሐኪም ጽሑፍ አላውቅም።»

አራት ቦታ የታጠፈ ባለ ቀይ ካሬ ወረቀት ነበር። የትልቅ ሆስፒታል ማኅተም አለበት። ከሥሩ የሐኪም እጅ እንዲህ ይላል፦ «የልብ ደም ሥር ጥበት። ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው ተነግሮታል። ተኛ ቢባል እምቢ ብሎ ወጥቷል።»

የተጻፈው እሷ ዘንድ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት ነው።