መምህሩ ዝም የሚሉባት አርባ ሰከንድ

"መምህር፣ ይቺን ዝምታ ካልቆረጥናት ቻናሉ በፍጹም አያድግም!"

ኑርሁሴን ነው። መቀሌ ሮማናት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ በስልክ ይሟገታል።

በወዲያኛው ጫፍ ያሉት መምህር ሥዩም ናቸው፤ የሒሳብ አስተማሪ። ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች እንዲያዩት ብለው ከክፍል በኋላ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ኑርሁሴን ኤዲት ያደርግላቸዋል። አንድ ቀን ራሳቸው ደውለውለት ነው ሥራ የጀመሩት፤ በአካል ተያይተው አያውቁም።

ጣጣው ምን መሰላችሁ...

መምህሩ "ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ይሆናል ሃያ" ብለው ይጽፉና፣ "እስቲ ሞክሩት" ብለው ዝም ይላሉ።

አርባ ሰከንድ ሙሉ!

በዚያ ላይ ከካሜራው ኋላ የእርሳስ ጭረት ይሰማል... ሳል ይሰማል...

"እዚያ የሚቀመጠው ማነው ግን?"

"አንዲት ተማሪ ናት፣ ወደይ፣ ልጄ። የሰው ፊት ካላየሁ ማስተማር አይሆንልኝም።"

"ትውጣልን! ድምፁን እያበላሸችብኝ ነው።"

መምህሩ "እስቲ ልጠይቃት" ብለው ዘጉት።

በማግስቱ አጭር መልእክት መጣ። "እሺ ብላለች።"

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ... ቪዲዮው ከአሥራ አምስት ደቂቃ ወደ አራት ወረደ። ተመልካቹ በእጥፍ አደገ። ኑርሁሴን ደረቱን ነፋ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን እነፋ ነበር።

ኑርሁሴን ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ከእህቱ ከረሒማ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ከወሎ የመጡ ናቸው። እናታቸው ስትሞት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። የትኛው እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አይደል የሚባለው?

መስከረም ላይ እራት እየበሉ እንዲህ ብላው ነበር...

"ኑሬ... ዘንድሮ የስምንተኛን ሚኒስትሪ በግል ብፈተንስ? ካለፍሽ ከጽዳት አውጥተን ቤተ መጻሕፍት እንመድብሻለን ብለውኛል።"

ሳቀባት!

"እታለም፣ በሠላሳ ስድስት ዓመትሽ? ኤክስና ዋይ አሁን አንቺን ምን ያደርጉልሻል?"

"ቀልዴን ነው ባክህ" አለችና ሳህኑን አነሳች። ወሬውን ሁለተኛ አላነሳችውም።

ዓመቱ እንዲህ አለቀ። ነሐሴ ላይ ቻናሉ አሥር ሺህ ተከታይ ሞላ። ኑርሁሴን የትዝታ ቪዲዮ ሊሠራ ፈልጎ ከመምህሩ ያልተቆረጡትን የድሮ ቅጂዎች ተቀበለ።

አንዱን ከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየው። መምህሩ ትምህርቱን ጨርሰው የሚቀርጹበትን ስልክ ማጥፋት ረስተዋል...

"አምስት ነው! መምህር፣ ኤክስ አምስት ነው አይደል?"

"ኣጆኺ፣ በርቺ ረሒማ! አይገባኝም ስትይ አልነበር?"

ከዚያ ሳቅ ተሰማ።

ኑርሁሴን ወደ ኋላ መልሶ ሰማው። ያን ሳቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከሰማው ግን ወራት አልፈውታል።

"ለወንድሜ እንዳይነግሩብኝ አደራ" ይላል ድምፁ። "ሰርተፊኬቱን ይዤ ነው የማስደነግጠው።"

ለመምህሩ ደወለ።

"መምህር... እህቴ መሆኗን ያውቁ ነበር?"

"ስልክህን የሰጠችኝ ማን ሆነና? 'ወንድሜ ጎበዝ ነው፣ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል' ብላ የለመነችኝ እሷ ናት።"

"ታዲያ ትውጣ ስል ለምን ዝም አሉኝ?"

"እኔማ ቻናሉ ይቅር ብዬ ነበር። እሷ ናት እንቢ ያለችው። 'የሱ ሥራ ከሚበላሽ የኔው ይቅር፤ በስልኬ እያየሁ አጠናለሁ' አለች። ክፍሎቹን ከመጥረጓ በፊት ግን ለትምህርት ያቺ የቀረጻ ሰዓት ብቻ ነበረቻት።"

"በስልኳ... እያቆመች ብታየው..."

"እሱን ብያት ነበር፣ ወደይ። 'ማቆሙንስ አቆማለሁ፤ ስሳሳት ማን ያየኛል?' አለችኝ።"



"ፈተናውስ?"

"ሌላውን ሁሉ አልፋለች። ሒሳብ ጣላት።"

ቤት ሲደርስ ረሒማ ልብስ እያጠፈች ነበር። ፊቱን አይታ ገባት።

"ነገሩህ?"

"ለምን አልነገርሽኝም እታለም?"

"አብሽር... ለከርሞ ኢንሻአላህ። አንተ ብቻ ሥራህን አትተው።"

ብትሰድበው ምናለበት! ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተና ለቅሶ ቀደመው።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ ወንበሯን ከካሜራው ኋላ በራሱ እጅ አስቀመጠ። አሁን ቀረጻ ላይ እሱም አይቀርም። ያቺ ዝምታም አትቆረጥም።

ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል አይደል?

አልተስተካከለም።

ረሒማ እስከዛሬ ዘላ አትገባም። በየቀኑ የቀረጻው ክፍል በር ላይ ትቆምና "ልግባ ኑሬ? አልረብሽህም?" ትለዋለች።

ያሳደገችው ልጅ ፈቃድ እስኪሰጣት እዚያው ትቆማለች።

"ግቢ እንጂ እታለም" ይላታል። ቀና ብሎ ግን ሊያያት አይችልም።

ወዳጆቼ... ትርፍ ነው፣ ጊዜ ያባክናል ብለን የምናስወጣው ሰው ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሆነ እንይ። ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ይቅር ይላል፤ አንዴ እንደሚረብሽ የተነገረው ሰው ግን ቶሎ አይረሳም።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... እናንተ ትማሩ፣ ትሠሩ፣ ከፍ በሉ ብሎ ከወንበሩ የተነሳላችሁ ማነው? ስሙን ኮሜንት ላይ ጻፉት... ነግራችሁትስ ታውቃላችሁ?