ሦስተኛው ፎቅ

ጠዋት ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣኝ የባለቤቴ የመኩሪያ ሱሪ ነበር። በእኛ ዘመን ስልሳ ዓመት ለሞላው ሁሉ በራሱ የሚራመድ ሱሪ ይሰጠዋል፤ ሱሪውም የለባሹን አረማመድ ይለምዳል። መኩሪያ ካረፈ በኋላ የእኔን ትቼ የእሱን ለበስኩ። ሱሪው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ ይቆማል። መኩሪያ እዚያ ሲደርስ፣ «ጉልበቴ ሻይ ዕረፍት ወጥቷል» ይለኝ ነበር።

ትናንት ልጄ ምንትዋብ ባቴን ዳበሰችው።

«እማዬ፣ እግርሽ እኮ መነመነ! የሚሄደው ሱሪው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። አልጋ ላይ ልትቀሪ ነው?»

«ለአባትሽ ንገሪው» አልኳት። አልሳቀችም።

ዛሬ ሱሪውን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። የደረጃውን ብረት ይዤ በገዛ እግሬ ወጣሁ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ አራተኛ ፎቅ ደረስኩ። ሦስተኛው ላይ የሚያቆመኝ ግን የለም።