ጥቁሩ ዓሣ ከትንንሾቹ ጋር

እናትየው አምስቱን ትንንሽ ዓሦች ውኃ በተሞላ ላስቲክ ይዛ ወደ በሩ ልትዞር ስትል፣ ባሏ የዓሣ ገንዳውን መስታወት በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ያንን ጥቁሩን ጨምሪልን» አለ፤ «ለልጅቷ እኔ የመረጥኩላት እሱ ነው።»

«ኧረ አይሆንም፣ ወንድሜ!» አለች ዓሣ ሻጯ፣ እጇን ከውኃው አውጥታ በሽርጧ እየጠረገች። «ያላችሁ ገንዳ ትንሽ ነው፤ ከነዚህ በላይ አይችልም። ይኼ ደግሞ ካደገ ቤቱን የግሉ ያደርገዋል። መጀመሪያ ጭራቸውን ይነጫል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል።»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። እናትየውም ቶሎ ብላ አብራው ሳቀች፤ እሱ ሲስቅ አለመሳቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። ልጅቷ ግን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ «መደበቂያ ብንሠራላቸውስ?» አለች።

«ለእያንዳንዳቸው ከሆነ ጥሩ፣ የኔ ቆንጆ» አለች ሻጯ። «መደበቂያ ያጣችዋን ነው የሚያሳድደው።»

«አዎ» አለች ልጅቷ፣ ነገሩ እንደገባት ሁሉ። «እኛም ቤት ቁም ሳጥኑ የሚችለው እኔን ብቻ ነው። እማዬ መደበቂያ የላትም።»

እናትየው ክው አለች። ሰውየው ፈገግታው ሳይጠፋ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ጫን አደረጋት። «ልጅ መቼም! በሉ፣ ቤት ገብተን እናወራለን።»

እናትየው የላስቲኩን ቋጠሮ ፈታች። ዓሦቹን ወደ ሱቁ ሰፊ ገንዳ መልሳ አፈሰሰቻቸው።

«እኔና ልጄ አብረንህ አንሄድም» አለች፤ ዓይኗን ግን ከውኃው ላይ ማንሳት አልቻለችም።