ክፍቱ ጎን

ግንበኞቹ ለቡ ሰፈር በሚገነቡት አዲስ የግንብ አጥር ውስጥ የገባችውን ሚዳቋ በድንጋይ ሊወግሯት ከበቧት። ሽማግሌው አዳኝ ጋሽ ክብረት ምንሽር ጠመንጃቸውን ይዘው ደረሱና ገና ያልታጠረውን ጎን አስለቀቋቸው። ማምለጫ ባልተተወለት አውሬ ላይ ተኩሰው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ሊገድሏት ነው ወይስ ሊሸኟት?» አለ አንዱ ግንበኛ እየሳቀ።

«ስትሮጥ እተኩሳለሁ፤ ካመለጠች ዕድሏ ነው» አሉና አፏጩ።

ሚዳቋዋ ክፍቱን ጎን ትታ ከግንቡ ጋር ተላተመች። ተነሥታ እዚያው ደግማ ተላተመች። «በወዲያ፣ እናቴ፣ በወዲያ!» እያሉ ለመኗት። በሦስተኛው እግሯ ተሰብሮ መነሣት ሲያቅታት ተኮሱ።

ግንበኞቹ «ገዳይ!» እያሉ ሲያጨበጭቡ፣ ሽማግሌው የተላተመችበትን ግንብ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

«እስከ ትናንት መተላለፊያው እዚህ ነበር፣ ጋሼ» አለ ያ ግንበኛ። «ዛሬ ጠዋት ነው የደፈንነው።»