የገነቴ ቆጮ

የአክሊሉ ዶማ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። አክሊሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በዙሪያው የሚቆፍሩት ወንዶችም ቆሙ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ጭቃ ሲቆፍሩ፣ ለስላሳ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ተምረዋል። በላይኛው ሰፈር ሬሳ ሆኖ አግኝተውታል።

ዶማውን ጥሎ ተንበረከከና በእጁ ይዝቅ ጀመር። "ገነቴ" አለ፣ ሚስቱ የምትሰማው ይመስል። መጀመሪያ የእንሰት ቅጠል ወጣ። ከዚያ ሽታው መጣ።

"ቆጮ ነው" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። "መቅበሪያ ጉድጓዱን ነው ያገኘነው።"

ቤቱን ሲፈልጉ ጓሮ ገብተዋል ማለት ነው። ከዶዮገና በላይ ያለው ተራራ በዝናቡ ተንዶ ሰፈሩን ከነእንሰቱ ሲውጠው፣ ደጅና ጓሮ የሚለይበት ምልክት አልተረፈም። አክሊሉ ግን ገነቴ ቤት ውስጥ ናት ብሎ ድርቅ ብሏል፤ በዚያ ዶፍ ሴት ልጅ ወዴት ትወጣለች? የቀረውም ተራራ ስለተሰነጠቀ፣ ዛሬ ዝናብ ከጀመረ ቁፋሮው ይቆማል ብለው ሽማግሌዎቹ ቆርጠዋል። እስከዚያ ካልተገኘች ተራራው መቃብሯ ሆኖ ይቀራል።

"ሊዲያን ጥሯት" አለ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዕንባቆም። የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው። ወንድ እንሰቱን ይተክላል፤ ሲፋቅና ሲቀበር ግን ዝር አይልም፣ ነውር ነው። አክሊሉ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ጓሮ ሲበላ፣ ጉድጓዱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳን ጠይቆ አያውቅም።

ሊዲያ ጎረቤት ናት፤ ከገነቴ ጋር እንሰት አብራ ስትፍቅ የኖረች። የእሷም ቤት በናዳው ሄዷል፤ ልጆቿን ይዛ ገበያ በመዋሏ ተርፋለች። መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ጭቃውን ጠረገች፣ ቅጠሉን ነካካችና እጇን ሰበሰበች።

"ምነው?" አለ አክሊሉ።

"ተከፍቷል።"

"ናዳው ይሆናላ የከፈተው።"

"ናዳ ቅጠል አያጥፍም፣ ወንድሜ። መክደኛው ድንጋይ ወርዶ በአንድ ጎን ተደርድሯል። ቅጠሉም በደንብ ተገልጧል። ይኸው፣ ከመሀል ተወስዷል።" ቀና ብላ አየችው። "ገነቴ ናት። እዚሁ ነበረች።"

አክሊሉ ያን ጊዜ የደወለላት ስልክ ትዝ አለው።

ተራራው የተናደ ዕለት ቀበሌ ስብሰባ ነበር። የአደጋ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆሴዕ፣ መሬቱ ተሰንጥቋልና ውረዱ እያለ ሲለምን የከረመ ሰው ነው። አክሊሉ ተነሥቶ "እንሰት ወደማይበቅልበት ቆላ ልትሰዱን! ጓሮዬን ሳታዩ ስለ ጓሮዬ አትንገሩኝ" አለ። ተጨበጨበለት። ተጨብጭቦለት ቢቀመጥ ምን ነበረበት! ኮሚቴውን በሙሉ ቤቴ መጥታችሁ ቆጮዬን ቅመሱ ብሎ ጋበዘና ለገነቴ ደወለ።

"እንግዳ ይዤ እመጣለሁ። የቆየውን ቆጮ አውጪ።"

"ኧረ እየዘነበ ነው።"

"አታሳፍሪኝ" አላት።

እንግዶቹ ዝናቡን አይተው ቀሩ። አክሊሉም እስኪያባራ ቀበሌው በረንዳ ላይ ተጠለለ። መልሶ መደወል አልታየውም። ሰፈርተኛው ከዚያ ወዲህ "ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው" እያለ ሲያንሾካሹክ ሰምቷል። መከራም መጣ። እሱን በረንዳ ላይ አስጠልሎ ሚስቱን መከረ።

"እዚህ ቆፍሩ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

ሆሴዕ አጠገቡ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲቆፍር መዳፉ ተልጧል። "ያን ቀን ለእኛ..." ብሎ ጀመረና የአክሊሉን ፊት አይቶ ተወው። ዶማውን አነሣ።

ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቁ አገኟት። በጎኗ ተጋድማ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጥቅሉ ትልቅ ነው፤ ለባልና ለሚስት የሚሆን አይደለም። ሊዲያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ጥቅሉን ከእቅፏ ማውጣት ቢያቅታት ከነጥቅሉ ጋቢ አለበሷት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ጋሽ ዕንባቆም። "ታድለሃል፣ አክሊሉ። የስንቱ ሬሳ ሳይገኝ ቀረ!"

እውነቱን ነው። የራሳቸውን ሰው ያላገኙት ወንዶች በቅናት ያዩታል።

"አዎ" አለ አክሊሉ። "ታድያለሁ።"

ደመናው ወርዶ ተራራውን ሸፈነ። ወንዶቹ ሬሳዋን ተሸክመው ከታች ሜዳው ላይ ወደተወጠረው ሸራ ወረዱ። ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አልቀመሱም፤ እርዳታ የጫነው መኪና መንገዱ ተቆርጦበት ሆሳዕና ቀርቷል። በአገሩ ልማድ የሐዘን ቤት እሳት አያነድም፣ ጎረቤት ነው አብስሎ የሚያበላው። ጎረቤቱ ግን ከነጓሮው አፈር ሥር ነው።

ሊዲያ አክሊሉ ፊት መጥታ ቆመች። ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

"እንዲህ አይባልም፣ ወንድሜ። አውቃለሁ። ግን የተሸከሟት ሰዎች ጉልበታቸው እየከዳቸው ነው፤ ነገም መቃብር አለ። ከእናንተ ጉድጓድ በቀር የተረፈ የለም፤ ከሥሩ ያለውን ቆጮ ጭቃ አልነካውም።"

አክሊሉ ጋቢውን ሲያይ ቆየ። ከጋቢው ሥር ጥቅሉ ጉብ ብሎ ይታያል።

"ለእንግዳ ብላ ነው የከፈተችው" አለ። "አውጪና ስጫቸው።"

ሊዲያ ሌሎች ሴቶችን አስከትላ ወደ ጉድጓዱ ወጣች። ዝናቡ ሸራውን መምታት ሲጀምር ቂጣው ምጣድ ላይ ነበር። ወንዶቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከሸራው ጠርዝ በሚወርደው ውኃ እየታጠቡ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሆሴዕ ግን ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቆየ። ከዚያ እሱም የተላጠ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ።